ዋፊቃ፣ ሁለቱ ናይትሮጅኖችና የሙሽሮቹ ክፍል

ሐረር ከሰዓት በኋላ የምትተዳደረው በናይትሮጅን ነው። በምክር ቤትም በኮሚቴም አይደለም፤ በናይትሮጅን! ከሶፊ ገጠር በማለዳ ተቆርጦ በሚገባው ጫት ውስጥ ያለችው፣ ሹፌሩን ሚኒስትር፣ ሥራ ፈቱን ባለፕሮጀክት የምታደርገው ቅንጣት አንድ ናይትሮጅን ይዛለች። በቡናው ውስጥ ያለችው ደግሞ፣ ያልቀመሳትን ሰው አናቱን አስይዛ የምታስቃስተው፣ አራት ተሸክማለች። ይህ ሁሉ ሕዝብ ጠዋት አራት፣ ከሰዓት አንድ እያለ ሲያጣጥም ኖሮ፣ "እኔ ናይትሮጅን የያዙ ኦርጋኒክ ውህዶችን ነው የምሠራው" የምትል ሴት ስታጋጥመው "ማዳበሪያ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጥያቄ "ፈንጂ ነው?" የሚል ነው። ሦስተኛ ጥያቄ የለም፤ ጠያቂው ወደ ፖለቲካ ተሻግሯል።

ሴቲቱ ዋፊቃ አብዱልፈታ ትባላለች። የተወለደችው ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከማያሳልፈው መተላለፊያ ላይ፣ አባቷ ጨርቅ ሸጠው ባቆዩት አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። አባቷ አርፈዋል። ቤቱን የያዙት እናቷ አሚና ናቸው፤ ስፌት ይሰፋሉ፣ ልጆቻቸውን ያዝዛሉ፣ ሁለቱንም የሚሠሩት ቀና ሳይሉ ነው። ዋፊቃ በስምንት ዓመቷ ከግድግዳ ላይ ኖራ ፍቃ፣ ሎሚ ጨምቃበት፣ አረፋው ሲፈላ አይታ ጮኸች። እናቷም ጮኹ፤ የተፋቀው የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ነበርና። ከዚያን ቀን ወዲህ እናትና ልጅ በኬሚስትሪ ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም።

አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ለዶክትሬቷም እዚያው ትመራመራለች። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቃ ትሄዳለች፣ ማታ ተጠቅጥቃ ትመለሳለች። ላብራቶሪዋ ውስጥ የጭስ መሳቢያ አለ፤ ጭስ አይስብም፣ የሚስበው ጎብኚ ኮሚቴ ብቻ ነው። ለማሟሟያ አልኮል "በጀቱ አልቋል" ይባላል። "የባለድርሻ አካላት የአቅም ግንባታ ዐውደ ጥናት" ለሚል ባነር ግን በጀቱ መቼም አያልቅም፤ ባነሩ ከበሩ ይበልጣል፣ እንግዶቹ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ይገባሉ። በዚህ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ይህች ሴት በዓለም ላይ ያልነበረ ነገር የሠራችው!

አዎ፣ ያልነበረ። ነገሩ ውስብስብ አይደለም፤ ውስብስብ የሚያስመስሉት ከውስብስብነቱ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። አምስት አተሞች ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ሦስቱ ካርቦን፣ ሁለቱ ናይትሮጅን ናቸው፤ ሁለቱ ናይትሮጅኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከሁለቱ በአንዱ ላይ አንድ ጅራት ይንጠለጠላል። ጥያቄው እንግዲህ በየትኛው ላይ ነው የሚለው ነው። በግራው ከሆነ መጽሐፍ የሚያውቀው፣ ብዙ ሰው የሠራው ዓይነት ነው። በቀኙ ከሆነ ግን ማንም አልሠራውም ማለት ነው። ዋፊቃ በቀኙ ነው አለች። ማስረጃዋ ከአዲስ አበባ የመጣ ስፔክትረም፣ አተሞቹ በተራራ መስመር የሚሳሉበት ወረቀት፣ ላይ ከቦታዋ ትንሽ ፈቀቅ ያለች አንዲት ጫፍ ነበረች።

አማካሪዋ ዶክተር ኒቆዲሞስ በግራው ነው አሉ። ማስረጃቸው ዶክተር ኒቆዲሞስ መሆናቸው ነበር።

"እመቤቴ" አሏት ቢሮአቸው ውስጥ፣ ስፔክትረሙን እንደ ምግብ ዝርዝር ከሩቅ እያዩ፣ "መጽሐፉ በግራ ይላል። አንቺ ማነሽ በቀኝ የምትይው?"

"ጫፏ ከቦታዋ ተንቀሳቅሳለች ዶክተር።"

"ሁላችንም ከቦታችን ተንቀሳቅሰናል። በግራ አድርገሽ ሣይውና ጽሑፉን እንላከው። ስምሽ አንደኛ ይሆናል።"

"ስሜ አንደኛ ሆኖ ውሸቱም አንደኛ ይሆናል።"

ዶክተሩ ሳቁ። የእሳቸው ሳቅ ማኅተም ያለው ሳቅ ነው። "እሺ፣ ክሪስታል አምጪ። ክሪስታሉ በኤክስሬይ ታይቶ በቀኝ ነው ካለ እኔ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ሽመልስ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ለሥልጠና ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል፤ መሣሪያው እዚያ አለ፣ አንድ ናሙና እናይላችኋለን ብለዋል። ሐሙስ ክሪስታል ከሌለ ግን ጽሑፉ በግራ ይሄዳል። ዘይት ይዘሽ ሳይንስ አታቆሚም።"

እውነት ነው፣ የያዘችው ዘይት ነበር። ውህዱ ማር መስሎ፣ ወፍራም ቢጫ ሆኖ፣ ከብልቃጥ ሥር ይለጠፋል እንጂ አይረጋም። ኤክስሬዩ ደግሞ ዘይት አያይም፤ አተሞቹ ተራ ገብተው፣ ተሰልፈው፣ ፊታቸውን አሳይተው የቆሙበት ንጹሕ ክሪስታል ይፈልጋል። ዋፊቃ ብልቃጡን በብርጭቆ ዘንግ ፋቀችው። በረዶ ውስጥ ነከረችው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው፤ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፤ ማቀዝቀዣው እንደ አሮጌ አይሱዙ እየተንቀጠቀጠ ዘይቱን አናወጠው። ትልቁ በሽታ ግን ማቀዝቀዣው አልነበረም፤ ራሷ ነበረች። በየሰዓቱ ታነሣዋለች። ወደ ብርሃን ታዘነብለዋለች። ትነቀንቀዋለች። ታስቀምጠዋለች፤ በሩ ሳትደርስ ተመልሳ ታነሣዋለች።

"አቦ ተይው እንዲያው!" ይላታል ሽመልስ። ሽመልስ የላብራቶሪ ባልደረባዋ ነው፤ ቅድመ አያቱ ከሸዋ መጥተው ከግንቡ ውጪ ከሰፈሩት ወገን የሆነ፣ የሐረር አፍ ያለው ልጅ። "እንቁላል ላይ የተቀመጠች ዶሮ እንኳ አንዳንዴ ዞር ትላለች። አንቺ እኮ እንቁላሉን እያገላበጥሽ ጫጩቱን ስም ትጠይቂያለሽ!"

"ካላየሁት እንዴት አውቃለሁ?"

"ካየሽውማ ምን ይረጋል! እኔም እንደዚህ ቢፈጥጡብኝ አልረጋም።"

ልክ ነበር፤ ለዚህም ነው የተናደደችበት። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። ከቤታቸው በር ሲገቡ በስተግራ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች፣ ኪርታት ትባላለች። ድሮ ሙሽሮች ከሰርጋቸው ቀን ጀምሮ የሚዘጉባት፣ ምግብ በትንሽ መስኮት የሚቀበሉባት ክፍል ናት። ግድግዳዋ ክንድ ሙሉ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ ቢወጣ ቢጠልቅ ሙቀቷ አይለወጥም። መኪና አይነቀንቃትም፣ ጨለማ ናት፣ ማንም አይገባባትም። ለዓመታት የአሚና የስፌት አለላ ማከማቻ ሆና ቆይታለች። ማቀዝቀዣ ፋብሪካ የዚህን ግማሽ ቢያመርት ማስታወቂያው አያስተኛንም ነበር!

ዋፊቃ ዘይቱን በጥቂት አልኮል አሟሟችው፤ አልኮሉ ቀስ ብሎ ሲተን ውህዱ ቀስ ብሎ ይሰለፋል ብላ። የብልቃጡን አፍ በሚያብረቀርቅ ፎይል ሸፈነች፤ ፎይሉን በመርፌ ወጋችው። በላቲን ፊደል የናሙናውን መለያ ጽፋ ለጠፈች። ብርሃን እንዳያገኘው እናቷ የሰፏት ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ ውስጥ አስቀመጠችና ሙዳዪቱን ከግድግዳው በተቦረቦረ መደርደሪያ ላይ ደበቀቻት። ከዚያ ሌላ ስፔክትረም ለማምጣት አዲስ አበባ ሄደች። ሰውነቷ ሄደ እንጂ ልቧ ሙዳይ ውስጥ ቀርቷል።

እሷ እሑድ ስትመለስ ቤቱ ሰርግ ላይ ነበር። ወንድሟ ዑስማን ናፊያ የምትባል የአንደኛ ደረጃ መምህርት እያገባ ነው። ሰርጉ የታሰበው ለሌላ ወር ነበር፤ የሙሽራዋ አጎት ከጂዳ የሚመጡበት ፈቃድ ስለተለወጠ ቀኑ ቀረበ። ዋፊቃ ይህን በስልክ ሰምታለች፤ አልደነገጠችም። ዑስማን ከግንቡ ውጪ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ፣ ሶፋ አስገብቶ፣ የሶፋውን ላስቲክ ሳያነሣ እየጠበቀ ነበርና። ያልሰማችው ነገር በመጨረሻው ቀን አሚና ቆርጠው መነሣታቸውን ነው። "እኔና አባትህ ኪርታት ገብተን ነው የወጣን። አንተ ሶፋ ላይ አትሞሸርም!" ብለው ሶፋውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሽረውታል።

ዋፊቃ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትገባ የዐሱር ሶላት አልቆ ነበር። የአፎቻው ሴቶች፣ በሰርግም በሐዘንም የሚሰበሰቡት የእናቷ ማኅበርተኞች፣ ነደባው ላይ በየማዕረጋቸው ተደርድረው ይዘፍናሉ። ነደባ የቤቱ መደብ ነው፤ ከፍ ያለ አለው፣ ዝቅ ያለ አለው፣ የሚቀመጥበትን የማያውቅ ሰው ቤቱን አያውቅም።

"ሙሽሮቹስ?" አለች ዋፊቃ።

"ገቡ!" አሉ አሚና በኩራት፣ ወደ ግራ እያሳዩ። "እስከ ቅዳሜ በሩ አይከፈትም። ማሻአላህ በይ!"

ዋፊቃ ማሻአላህ አላለችም። ሻንጣዋን ለቀቀችው።

"ኡሚ! እዚያ ውስጥ የኔ ዕቃ አለ!"

"አይቼዋለሁ" አሉ እናቷ፣ ዓይናቸው ሳይቀር እየሳቀ። "ቤቱን ስናጸዳ አገኘሁት። የባል እህት ለሙሽራ ሽቶ ታመጣለች፤ ይቺ ልጅ መጽሐፍ እንጂ ወግ አታውቅም እያልኩ ሳማሽ ነበር፤ አላህ ይማረኝ! የውጪ ሽቶ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ በኔ ሙዳይ! ከቦታው አላነሣሁትም። ናፊያ ስትገባ 'ይሄ የዋፊቃ ስጦታ ነው' አልኳት።"

ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ዋፊቃ ወደ ትንሿ መስኮት ሮጠች። መስኮቷ በእንጨት መዝጊያ የተዘጋች፣ ትሪ ብቻ የምታሳልፍ ናት። ደበደበቻት።

"ናፊያ! ናፊያ! እዚያ ሙዳይ ውስጥ ያለውን እንዳትነኪ!"

እልልታው ቀጥ አለ።

"የባል እህት ነገር!" አለች ከነደባው አንዷ። "ገና ከመግባቷ ስጦታዋን ልትነጥቃት ነው።"

"ሰጥቶ መከልከል ደግሞ ምን የሚባል ትምህርት ነው?" አለች ሌላዋ።

ከውስጥ የናፊያ ድምፅ መጣ፤ ድምፅ ያላት ሙሽራ ናት፣ ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል የምታስተምር። "የትኛውን ሙዳይ? ሽቶውን ነው?"

"ተቀባሽው?"

"ልቀባ ነበር። ከፍቼ አሸተትኩት።"

"እና?"

"እህቴ፣ አይከፋሽ፤ ክሊኒክ ክሊኒክ ይላል። ክዳኑን መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት።"

ዋፊቃ ግንባሯን ግድግዳው ላይ ጣለች። ባለሙያ ሁሉ፣ ፕሮፌሰር ሁሉ፣ የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ሁሉ ይስማ፦ በዚያች ቀን በሐረር ሳይንስን ያዳነው የአንዲት ሙሽራ አፍንጫ ነው!

አሚና ግን "ክሊኒክ" የሚለውን ቃል ይዘውታል። "ምንድነው ውስጡ ያለው?" አሉ ቀስ ብለው፤ ቀስ ሲሉ ነው የሚያስፈሩት።

"ውህድ ነው ኡሚ። የኔ ሥራ። በአልኮል የተሟሟ።"

"አልኮል? በሙሽራ ክፍል? ዐዑዙ ቢላህ!"

"ለመጠጥ አይደለም! ክሊኒክ መርፌ ከመውጋታቸው በፊት የሚያብሱበት ዓይነት ነው። እየተነነ ያልቃል። የሚቀረው የኔው ብቻ ነው። ኡሚ በአላህ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ይክፈቱልኝ። ሐሙስ ካልደረሰልኝ ያልሆነ ነገር በስሜ ይጻፋል!"

"ቅዳሜ ይከፈታል" አሉ አሚና። "የኔ በር ለሐሙስ አይከፈትም።"

ሰውዬው፣ ማለትም ሙሽራው ዑስማን፣ በዚህ መሐል ከውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። "ዋፊቃ፣ እህቴ፣ እኔ እዚህ የገባሁት ሙሽራ ሆኜ ነው ወይስ የላብራቶሪ ጥበቃ?"

"ጥበቃ ነህ!" አለችው። "ግድግዳውን አትደገፉት። አታንቀሳቅሱት። ቀስ ብላችሁ…"

ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም፤ የአፎቻው ሴቶች ጨረሱላት። ምን ብለው እንደጨረሱት እዚህ አይጻፍም። ሳቁ ግን ፈላና በር ድረስ ተሰማ፤ ዑስማንም እስከ ቅዳሜ ሁለተኛ ቃል ላለመናገር ወሰነ።

እንግዲህ የሆነውን ተመልከቱ! ያቺ በየሰዓቱ ብልቃጥ የምታነሣ፣ የምትነቀንቅ፣ ወደ ብርሃን የምታዘነብል ሴት ከብልቃጧ በአንድ ክንድ ድንጋይ ተለየች። ማየት አትችልም። መንካት አትችልም። የቀራት ነገር ቢኖር ምግብ በሚገባበት ሰዓት እናቷን ተከትላ መስኮቷ አጠገብ መቆም ነበር። አሚና አብሽ የተመታበት መረቅ፣ ሥጋ፣ ማር ያስገባሉ፤ ዋፊቃ ጥያቄ ታስገባለች።

በመጀመሪያው ቀን ናፊያ "ምንም የለም፣ እንደነበረ ነው" አለች። በማግስቱም እንደነበረ ነው። ዋፊቃ ላብራቶሪ ሄዳ ባዶ ብልቃጥ ታጥባለች፤ የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። ሽመልስ ሻንጣውን እያዘጋጀ ያሾፋል፦ "እናቴ እማማ ለተማርያም ለመንገዴ ተስለውልኛል። ላንቺ ዘይትም አንድ ሻማ ያስጨምሩ እንዴ?" ዶክተር ኒቆዲሞስ ደግሞ በበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን ያስገባሉ፦ "የግራው ሥዕል ደረሰ?" ሥዕሉን አልሳለችውም። ይልቅ ለናፊያ ነገሩን ማስረዳት ጀመረች፣ በመስኮቷ፣ ትሪ በሚገባበት ፋታ።

"ቀለበቱን እንደ ነደባ አስቢው" አለቻት። "ቦታ አለው፣ ተራ አለው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንድ እንግዳ መጣ፤ ከሁለቱ ባንዱ አጠገብ ይቀመጣል። ሁሉም ሰው በግራ በኩል ነው የተቀመጠው ይላል፣ ሁልጊዜ እዚያ ስለሚቀመጥ። እኔ በቀኝ ነው እላለሁ። ቤቱ ግን ጨለማ ነው፣ አይታይም። ክሪስታሉ ከመጣ መብራት በራ ማለት ነው።"

"በቀኝ ከሆነስ ምን ይሆናል?"

"አዲስ ነገር ይሆናል። የኔ ይሆናል። በግራ ነው ብለው ከጻፉት ግን እንግዳውን ካልተቀመጠበት አስቀምጠው፣ ሥሩ ላይ ስሜን ያሰፍሩበታል።"

አሚና ትሪውን እንደያዙ ቆመው ይሰሙ ነበር። ስለ ነደባ አቀማመጥ የሚነገር ነገር አሚና ሳይሰሙት አያልፍም።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ናፊያ መዝጊያውን ሳትከፍት ጮኸች። "ዋፊቃ! ሥሩ ላይ አንድ ነገር አለ!"

"ምን ይመስላል? እንዳታነሺው! ጎንበስ ብለሽ እይው! ምን ይመስላል?"

"እንደ… ቆይ… ዑስማን ባትሪውን ያዝልኝ፣ ከጎን፣ ከጎን አብራ! እንደ ስኳር ድንጋይ ነው፤ ግን ጠርዝ አለው። ቢጫ። ያንጸባርቃል። አንድ ትልቅ፣ ሦስት ትንንሽ።"

"ጠርዙ ስል ነው?"

"በመቀስ የተቆረጠ ነው የሚመስለው፣ ወላሂ!"

ዋፊቃ በአደባባይ፣ በእናቷ ፊት፣ በስምንት ዓመቷ ኖራው ላይ የጮኸችውን ጩኸት ጮኸች። ዘይቱ ረጋ! በረዶ ያቃተው፣ ዘንግ ያቃተው፣ "የልህቀት ማዕከል" የሚል ሰሌዳ የለጠፈ ሕንፃ ያቃተው ነገር፣ ማንም ስላልነካው ብቻ ሆነ። ማንም ያልነካው ደግሞ አሮጊቶች ስለከለከሉ ነው። ዘመናዊነታችንን በወርክሾፕ የምንለካ ሁሉ እስቲ ይህን እንለካ!

ሐሙስ ጠዋት ሽመልስ ከድሬዳዋ ለሚነሣው አውሮፕላን ሲል ታክሲ ይዞ ፈላና በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ ጥሩንባውን አላቆመም። ዋፊቃ መስኮቷ አጠገብ ናት፤ አሚና በመስኮቷና በእሷ መሐል።

"ከኪርታት ባዶ ትሪ እንጂ ሌላ አይወጣም" አሉ አሚና። "የሙሽራ ስጦታ ከቅዳሜ በፊት ከወጣ ትዳሩ አብሮ ይወጣል ይባላል። አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ።"

"ኡሚ፣ ስጦታ አይደለም እኮ! ተሳስተው ነው!"

"እኔ ስጦታ ነው ብዬ በአፎቻው ፊት ተናግሬያለሁ። በሰው ፊት የተሰጠ ተሰጠ።"

ጥሩንባው ጮኸ። ሁለት ዓመት ሙሉ የዶክተር ኒቆዲሞስን አፍ የመለሰች ሴት እዚህ ጋ ክርክሩን ተወችው፤ የእናቷ ፊት ላይ ያለው ትዕቢት አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር። ከፍርሃት ጋር ደግሞ ስፔክትረም ይዞ አይከራከሩም።

መዝጊያዋ ከውስጥ ተከፈተች። የሙሽራዋ ሂና የተቀባ እጅ ወጣ፣ ባዶ ትሪ ይዞ። ባዶ አልነበረም፤ ሙዳዪቱ መሐሉ ላይ ተቀምጣለች።

"ኡሚ አሚና" አለች ናፊያ፣ ስልሳ ልጅ ጸጥ በሚያሰኝ ድምፅዋ፣ "ይሄ በሰው ፊት ለኔ ተሰጥቷል ብለዋል።"

"ተሰጥቷል ልጄ።"

"እንግዲያው የኔ ነው። የኔን ለምወዳት መስጠት እችላለሁ። ሙሽራ በኪርታት ሳለች የሰጠችው ስጦታ መልካም ዕድል ነው፤ ከእናቴ ቤት እንዲህ ነው የሰማሁት። ለባሌ እህት ሰጥቻለሁ። ይቀበሉኝ እርስዎ፣ እጄ ደከመ።"

እናቷ ቤት እንዲህ መባሉን ማንም እስከዛሬ አላረጋገጠም። አሚና ግን ረጅም ጊዜ ያችን ሂና ያለባትን እጅ አዩ። ከዚያ ሙዳዪቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ለልጃቸው አልሰጧትም፤ ራሳቸው ይዘው ወደ በሩ ተራመዱ።

"አንቺ ትነቀንቂዋለሽ" አሉ።

እንዲህ ሆኖ በዚያ ጠዋት በጀጎል ውስጥ የታየው ሰልፍ የሚያስቅ ነበር። ፊት አሚና፣ ሙዳይ በሁለት እጅ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብለው፤ ከኋላ ዋፊቃ፣ ልቧ በሚሮጠው መጠን እግሯ እንዳይሮጥ እየታገለች፤ ከሩቅ የታክሲው ጥሩንባ። አህያ መጣች፤ አሚና ለአህያይቱ "ጠብቂ!" አሏት፤ ጠበቀች። አንድ ቱሪስት የጠባቧን መንገድ ፎቶ አነሣ። በፎቶው ላይ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ፈላና በር ጋ ዋፊቃ ፎይሉን አነሣችና አየችው፤ እስከዚያ ቀን ለራሷ ዓይን አልታየም ነበር። በቀረችው ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ፣ ንጹሕ፣ ቢጫ፣ ጠርዙ የተቆረጠ። ሽመልስም አንገቱን አስግጎ አየ።

"ዋፊ" አለ ሙዳዪቱን ተቀብሎ። "ይቺማ ቪዛ ሳይጠይቋት ነው የምታልፈው።"

ቅዳሜ ኪርታቱ ተከፈተ። ሴቶቹ ነደባው ላይ ተደርድረዋል፤ ሙሽሮቹ ወጥተው የሁሉንም እጅ ይስማሉ፤ ዑስማን ባትሪ ያዝ የተባለበትን ሰዓት ማንም እንዳያነሣበት ይጸልያል። የዋፊቃ ስልክ የጠራው በዚህ መሐል ነው። ሽመልስ ነበር፣ በቪዲዮ፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ኋላው የሚያብረቀርቅ መሣሪያ።

"አቦ ቤቱን ጸጥ አሰኚው!" አለ። "እዩት!"

ስክሪኑ ላይ የኳሶችና የዘንጎች ሥዕል ቀስ ብሎ ዞረ። ካርቦኖቹ ግራጫ፣ ሁለቱ ናይትሮጅኖች ሰማያዊ፣ ጎን ለጎን። ሥዕሉ ዞሮ ጅራቱ ፊት ለፊት እስኪመጣ ዋፊቃ አልተነፈሰችም። ዞረ። መጣ።

"በቀኝ ነው" አለ ሽመልስ። "ዋፊ፣ በቀኝ ነው! እዚህ ያለው ሰውዬ ምን አለኝ መሰለሽ? 'እንዲህ ያማረ ክሪስታል በምን መሣሪያ ነው ያሳደጋችሁት?' ምን ልበለው?"

ዋፊቃ እያለቀሰች ወይ እየሳቀች ነበር፣ ሁለቱ አልተለዩም። ናፊያ ከኋላዋ መጥታ አቀፈቻት።

"ሙሽራ አሳደገችው በለው!" ብላ ጮኸች ወደ ስልኩ።

ዶክተር ኒቆዲሞስ ከሰዓት ደወሉ። "ውጤታችንን ሰማሁ" አሉ። ውጤታችን! "እኔ ከመጀመሪያውም በቀኝ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሬ ነበር። ዐውደ ጥናት እናዘጋጃለን።" ስለ ባርኔጣቸው ምንም አላነሡም። ባርኔጣ ቀድሞውንም አልነበራቸውም።

እንግዶቹ ሲወጡ አሚና ልጃቸውን ጠሯት። ስፌታቸውን ይዘዋል፣ ቀና አላሉም።

"እንግዳው" አሉ፣ "የት ተቀመጠ?"

"እኔ ባልኩት ኡሚ። በቀኝ።"

አሚና አለላውን ወስፌው በከፈተው ቀዳዳ አሳለፉ፤ ጠበቅ አደረጉት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ትንሽ፣ ስፔክትረም ላይ ፈቀቅ እንዳለችው ጫፍ ያህል።

"ጥሩ" አሉ። "የሚቀመጥበትን ያወቀ እንግዳ ነው። አሁን ተነሥተሽ ለናፊያ ሽቶ ግዢላት። እውነተኛ ሽቶ፤ ክሊኒክ ክሊኒክ የማይል።"